ያገለገለ ልብስ በመደብር መሸጥና መግዛት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ያገለገሉ ልብሶች የሚሸጡባቸውን መደብሮች የሚያውቋቸው በገዢነት ብቻ ነው። የራሳቸውን ልብስ ይዘው ለመሸጥ ሲሄዱ ግን ተቀባዩ ሠራተኛ ጥቂቱን መርጦ አብዛኛውን ሲመልስላቸው ቅር ተሰኝተው ይወጣሉ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት መደብሩ ምን አስቦ እንደሚመርጥና እንደሚተምን የተረዳ ሰው ሲሸጥም ሲገዛም እንደሚጠቀም በማመን ነው። መደብሩ የሚከፍለው ልብሱ አዲስ ሳለ ለተገዛበት ዋጋ ሳይሆን፣ በሚቀጥሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሌላ ሰው ሊያወጣበት ለሚችለው ገንዘብ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያገለገለ ልብስ የሚሸጡ መደብሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው?

አይደሉም፤ የብዙ ቅሬታ ምንጭም ይህን ልዩነት አለማወቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ በስጦታ የተሰበሰበ ልብስ የሚሸጡት፣ ትሪፍት ስቶር የሚባሉት ናቸው። ከነዚህ መካከል የታወቀው ጉድዊል በ1902 በቦስተን ከተማ ኤድጋር ሄልምስ በተባሉ የሜቶዲስት ቄስ የተመሠረተ ሲሆን፣ አነሳሱም ከባለጸጎች ሰፈር ያገለገለ ልብስና የቤት ዕቃ እየሰበሰቡ፣ ሥራ ያጡ ሰዎች ጠግነው እንዲሸጡትና ደመወዝ እንዲያገኙበት ማድረግ ነበር። እንዲህ ያሉት መደብሮች ከእርስዎ ልብስ በገንዘብ አይገዙም፤ የሚቀበሉት በስጦታ ብቻ ነው። በአካባቢያችን በብዛት የሚታየው ቫልዩ ቪሌጅ በመልኩ ቢመስላቸውም ለትርፍ የተቋቋመ ኩባንያ ነው፤ በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ስም የተሰበሰበውን ልብስ ለድርጅቶቹ በክብደት እየከፈለ ይገዛል። ስጦታዎ ሙሉ በሙሉ ለችግረኛ የሚደርስ መስሎዎት ከሆነ ይህን ማወቅ ይገባዎታል።

ሁለተኛዎቹ ልብስዎን እዚያው ቆመው ሳሉ አይተው፣ ወዲያውኑ ጥሬ ገንዘብ ወይም የመደብር ክሬዲት፣ ማለትም በገንዘብ ፋንታ ከዚያው መደብር ዕቃ የሚወስዱበትን ሒሳብ፣ የሚሰጡ ናቸው። በ1974 በአሪዞና ግዛት ቱሳን ከተማ የተጀመረው በፋሎ ኤክስቼንጅ፣ ለወጣቶች ልብስ የሚታወቀው ፕሌቶስ ክሎዜት፣ ለሕፃናትም ዋንስ አፖን ኤ ቻይልድ ከዚህ ወገን ይመደባሉ። ሦስተኛዎቹ ኮንሳይንመንት የሚባሉት ናቸው፤ ልብሱን በአደራ ተቀብለው ይሰቅሉታል፣ የሚከፍሉዎትም ሲሸጥ ብቻ ነው።

ለመሸጥ የትኛው ይሻለኛል?

ልብሱ የተለመደ፣ በቅርብ ጊዜ የተገዛና በብዙ ቦታ የሚገኝ ከሆነ ወዲያው የሚገዙት ይሻላሉ፤ ጊዜዎ ዋጋ አለውና። ውድ የሆነ የሱፍ ካፖርት፣ የታወቀ ቤት የሠራው የቆዳ ቦርሳ ወይም የሠርግ ልብስ ከሆነ ግን በኮንሳይንመንት ቢቆይ ይመረጣል። በስልክ መተግበሪያ መሸጥም አማራጭ ነው፤ ሆኖም ፎቶ ማንሳቱ፣ ለገዢ መልስ መስጠቱ፣ ማሸግና መላኩ የእርስዎ ሥራ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ለምሳሌ ፖሽማርክ ከ15 ዶላር በላይ ከሆነ ሽያጭ 20 በመቶ ይቆርጣል። በእኔ አስተያየት በመተግበሪያ መሸጥ የሚያዋጣው ዋጋቸው ከፍ ያለ ጥቂት ዕቃዎች ላሉት ሰው ነው፤ አንድ ሻንጣ ሙሉ የልጆች ቲሸርት ላለው እናት ወይም አባት አድካሚ ነው።

መደብሮቹ የሚቀበሉት ምን ዓይነት ልብስ ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ ወቅቱን የጠበቀ ልብስ ነው። ገዢ ሁልጊዜ ከአየሩ አንድ እርምጃ ቀድሞ ስለሚሄድ፣ የክረምት ካፖርትና ቦት ጫማ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ፣ የበጋ ቀሚስና ቁምጣ ደግሞ ከየካቲት ወይም ከመጋቢት ጀምሮ ተፈላጊ ይሆናሉ። በጥር ወር መጨረሻ ወፍራም ካፖርት ይዘው ቢሄዱ፣ ውጭ በረዶ እየጣለ እንኳ ሊመልሱብዎ ይችላሉ፤ ምክንያቱም መደብሩ ከዚያ በኋላ የሚያስበው ስለ ጸደይ ነው። ከወቅቱ ቀጥሎ የሚታየው ልብሱ መቼ እንደተሠራ ነው፤ ለወጣቶች የሚሸጡት መደብሮች ባለፉት አንድ ወይም ሁለት ዓመታት ውስጥ በሱቅ የነበረውን ይመርጣሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ቪንቴጅ ብለው በደስታ ይወስዳሉ። ብዙ ጊዜ ገዢ የሚያጣው በመካከል ያለው፣ ፋሽኑ ያለፈበት ነገር ግን ገና ያላረጀው ልብስ ነው።

ልብሱን እንዴት አዘጋጅቼ ልውሰድ?

ታጥቦ፣ ደርቆና ታጥፎ ይሂድ። ካውያ የሚፈልገውን ይተኩሱት፤ በሹራብ ላይ የወጡትን ትናንሽ የክር እንክብሎች በጥንቃቄ ያንሱ፤ የጎደለ ቁልፍ ካለ አስቀድመው ይስፉ። ኪሶቹን ሁሉ ይፈትሹ፤ ተረስቶ የሚገኘው ነገር ደረሰኝና ሳንቲም ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ የመኖሪያ ፈቃድና የባንክ ካርድም ነውና። የወጥ ቤት ሽታ ጉዳይ ደግሞ በግልጽ ሊነገር ይገባዋል፤ የሽንኩርት ቁሌት፣ የበርበሬና የዕጣን ሽታ እኛ ስለለመድነው አይሰማንም እንጂ በልብስ ውስጥ፣ በተለይም በሱፍና በካፖርት ገበር ውስጥ፣ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ልብሱን አንድ ሁለት ቀን ነፋስ በሚገባበት ቦታ መስቀል፣ የሚታጠበውንም በመጨረሻው ውኃ ላይ ጥቂት ነጭ አቼቶ ጨምሮ ማጠብ ይረዳል። አቼቶና በረኪና ግን ፈጽሞ አይቀላቀሉ፤ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ሽቶ መርጨትም አይመከርም፤ ተቀባዩ የሚደበቅ ነገር እንዳለ ይጠረጥራልና።

በላስቲክ ከረጢት ጨፍልቆ ከመውሰድ ይልቅ በቅርጫት ወይም በካርቶን ደርድሮ መውሰድ ተገቢ ነው። ተቀባዩ በቀን ብዙ ክምር የሚያይ ሰው ስለሆነ፣ የተጨማደደ ልብስ ውስጥ ያለውን ጥሩ ጨርቅ ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ አይኖረውም።

እንዲህ ዝቅተኛ ዋጋ የሚሰጡኝ ለምንድን ነው?

በአዲስነቱ 40 ዶላር የተገዛ ሸሚዝ እናስብ። በጥሩ ይዞታ ላይ ቢሆን እንኳ መደብሩ ምናልባት በ12 ዶላር ይሰቅለዋል፤ ለእርስዎ ከዚያ ሩብ ወይም ሲሶ ገደማውን፣ ማለትም ከ3 እስከ 4 ዶላር፣ በጥሬ ገንዘብ ይሰጥዎታል። በቀሪው የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራትና ሳይሸጥ የቀረው ልብስ ኪሳራ ይሸፈናል። ክፍያውን በመደብር ክሬዲት ከወሰዱ ግን ብዙዎቹ ድርሻዎን እስከ ግማሽ ከፍ ያደርጉታል፤ ገንዘቡ ከመደብሩ ስለማይወጣ ነው። አሮጌ ልብስ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ብርጭቆ የሚሰጠውን የአዲስ አበባ ልዋጭ ለሚያውቅ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከዚያው መደብር የሚገዙት ነገር ካለ፣ በተለይም በየስድስት ወሩ ልብስ የሚያጥራቸው ልጆች ካሉዎት፣ ክሬዲቱን መውሰድ በእርግጥ ያዋጣል።

ዋጋው የእርስዎን ወይም የልብስዎን ክብር የሚለካ አይደለም። ካልተስማሙ ልብስዎን ይዘው የመመለስ ሙሉ መብት አለዎት፤ የተመለሰውን ልብስም ሌላ መደብር ሊወስደው ይችላል።

መታወቂያ ለምን ይጠይቁኛል?

ያገለገለ ዕቃ የሚገዙ ነጋዴዎች የተሰረቀ ዕቃ እንዳይገዙ በብዙ ከተሞችና ግዛቶች የሻጩን ማንነት እንዲመዘግቡ በሕግ ይገደዳሉ። ፎቶ ያለበት መንግሥታዊ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ ወይም ፓስፖርት ይያዙ፤ በአብዛኛው 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻውን መሸጥ አይችልም።

በኮንሳይንመንት ውል ላይ ምን ልመልከት?

ከመፈረምዎ በፊት አራት ነገሮችን ያንብቡ ወይም እንዲነበብልዎ ይጠይቁ። የመጀመሪያው ድርሻዎ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው፤ ከ40 እስከ 60 በመቶ የተለመደ ነው። ሁለተኛው ልብሱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሰቀል ነው፤ ብዙውን ጊዜ 60 ወይም 90 ቀን ይሆናል። ሦስተኛው ዋጋው መቼና በምን ያህል እንደሚቀነስ ነው፤ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ቅናሽ መጀመሩ የታወቀ ስለሆነ የሚደርስዎ ገንዘብ መጀመሪያ ከተነገረዎት ያነሰ ሊሆን ይችላል። አራተኛውና ብዙ ሰው የሚጎዳበት ጊዜው ሲያልፍ የሚሆነው ነው፦ በተባለው ቀን መጥተው ያልወሰዱት ልብስ የመደብሩ ንብረት ይሆናል ወይም ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። ስለዚህ የመጨረሻውን ቀን በስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። ልብሱ በመደብሩ ውስጥ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ማን እንደሚከፍልም ይጠይቁ፤ በርካታ ውሎች ኃላፊነቱን በባለቤቱ ላይ ይጥላሉ።

ስገዛ ጥሩውን ልብስ ከመጥፎው እንዴት ልለይ?

ከብራንዱ በፊት ጨርቁን፣ ከጨርቁም ቀጥሎ ስፌቱን ይመልከቱ። በአሜሪካ የሚሸጥ ልብስ ከምን ክር እንደተሠራ በመለያው ላይ እንዲጻፍ የሚያዘው ሕግ በ1958 ወጥቶ በ1960 ሥራ ላይ ውሏል፤ እንዴት እንደሚታጠብ የሚገልጸው መለያም ከ1972 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ሙሉ ሱፍ፣ ሐር፣ ወፍራም ጥጥ የሚል ካገኙ ልብሱን አውጥተው በብርሃን ይዩት። በትሪፍት ስቶር ውስጥ ቀሚሱም ሸሚዙም በአብዛኛው ተቀራራቢ ዋጋ ስለሚለጠፍበት፣ የፖሊስተር ሸሚዝና የሐር ሸሚዝ ጎን ለጎን በአንድ ዋጋ ተሰቅለው ማየት የተለመደ ነው፤ የሚያተርፈው መለያውን የሚያነብ ገዢ ነው።

ቀጥሎ ልብሱ ቶሎ የሚያረጅባቸውን ቦታዎች ይፈትሹ። እነዚህም ብብት፣ የኮሌታው እጥፋት፣ የእጅጌ ጫፍ፣ ክርንና ጉልበት፣ የሱሪ መቀመጫና የውስጥ ጭን ናቸው። ሱሪውን ወደ መስኮት አንሥተው በመቀመጫው በኩል ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ ጨርቁ ሳስቷል፤ ቢገዙትም ብዙ ሳይቆይ ይቀደዳል። ሱፍ ከሆነ ብል የበላው ቀዳዳ እንዳለ በጣትዎ እየዳበሱ ይፈልጉ፤ አንድ ቀዳዳ ካገኙ ሌላም መኖሩ አይቀርም። ዚፑን እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ ይክፈቱና ይዝጉት። ጥሩ የተሰፋ ጃኬት የገበሩ ጠርዝ አይጎተትም፣ የመስመሩም ሆነ የአራት ማዕዘኑ ንድፍ በስፌቱ ግራና ቀኝ ይገጣጠማል፣ በውስጥ በኩልም ለማስፋት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ይኖረዋል።

ሊጠገን የሚችለውንና የማይችለውን መለየት ገንዘብ ያድናል። የወለቀ ቁልፍ፣ የተተረተረ ስፌት፣ የረዘመ ሱሪና የተቀደደ ገበር በልብስ ሰፊ እጅ ይስተካከላሉ። በብብት ላይ የደረቀ ቢጫ እድፍ፣ በፀሐይ የደበዘዘ ትከሻ፣ በማጠቢያ ማሽን የተኮማተረ ሱፍ ግን አይመለሱም። ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቀው ስለ አስመሳይ ቆዳ ነው፤ ፊቱ አንድ ቦታ ላይ መላጥ ከጀመረ መላው ልብስ መላጡ አይቀርም፣ የሚያቆመውም ቅባት የለም። ለረጅም ዓመታት በሣጥን የተቀመጠ የስፖርት ጫማም አዲስ መስሎ ሶሉ በመጀመሪያው ጉዞ ሊፈረፈር ስለሚችል፣ ከመክፈልዎ በፊት አጠፍ አድርገው ይሞክሩት።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሳለ የማይሆነኝ ለምንድን ነው?

የሴቶች ልብስ ቁጥር ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ ስለመጣ የ1970ዎቹ 12 ቁጥር ከዛሬው 12 በግልጽ ይጠብባል። ከዚህም በላይ የቀድሞው ባለቤት ልብሱን አስጠብቦት ወይም በማጠቢያ አሳጥሮት ሊሆን ይችላል። ሜትር በቦርሳዎ ይያዙ፤ በቤትዎ በደንብ የሚሆንዎትን ሸሚዝ ከብብት እስከ ብብት፣ ሱሪውንም በወገቡና በእግሩ ርዝመት ለክተው ቁጥሩን ይጻፉ። መለኪያ ክፍል በሌለበት መደብር ይህ ብቻ በቂ ነው።

ፎርጅድ ብራንድ እንዳልገዛ ምን ላድርግ?

የተጭበረበረ ምልክት ያለበትን ዕቃ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ደህና መደብሮችም ይመረምራሉ፣ ነገር ግን የሚያመልጣቸው አለ። የፊደሉ አቀራረጽ የተዛባ፣ ስፌቱ ያልተስተካከለ፣ ብረቱ ቀላልና ቀለሙ የሚላጥ ከሆነ ይተዉት። ለአሮጌ ልብስ ደግሞ ዕድሜን የሚናገሩ ትናንሽ ምልክቶች አሉ፤ ለምሳሌ በሌቪስ ጂንስ የኋላ ኪስ ላይ ባለችው ትንሽ ቀይ ጨርቅ የድርጅቱ ስም እስከ 1971 ገደማ ድረስ ሙሉ በሙሉ በትላልቅ ፊደላት ይጻፍ ነበር፣ እንዲህ ያለው ሱሪም በሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ ነው።

ትኋን ወይም በሽታ ይዞብኝ ቢመጣስ?

ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ መፍትሔውም ቀላል ነው። የገዙትን ልብስ ከሌላው ጋር ሳይቀላቅሉ በታሰረ ከረጢት ይዘው ይግቡ። ሙቀት የሚችለውን በማድረቂያ ማሽን በከፍተኛ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያዙሩት፤ ይህ ትኋንንም እንቁላሉንም ይገድላል። ሙቀት የማይችለውን ሱፍና ሐር በላስቲክ ጠቅልለው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያንስ 4 ቀን ያቆዩት፤ ካፖርትና ሙሉ ልብስ ከሆነ በደረቅ ለሚያጥብ ላውንደሪ (ድራይ ክሊነር) ይስጡት። የራስ ቅማል ከሰው ከተለየ ከሁለት ቀን በላይ እምብዛም ስለማይቆይ በተሰቀለ ልብስ የመምጣቱ ዕድል አነስተኛ ነው። የውስጥ ሱሪና የዋና ልብስ ግን አዲስ ቢገዙ ይመረጣል።

ለሕፃናት ስገዛ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

አዎ፣ ለዚህ ጥያቄ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል። በኮፍያው ወይም በአንገቱ ላይ የሚሳብ ገመድ ያለበትን የሕፃን ጃኬት ወይም ሹራብ አይግዙ፤ ልጆች በመጫወቻ ሸርተቴና በአውቶቡስ በር ገመዱ ተይዞባቸው ታንቀው ስለሞቱ፣ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ1996 መመሪያ አውጥቷል፣ በ2011 ደግሞ ከ2 እስከ 12 ቁጥር ባለው የላይኛ ልብስ ላይ እንዲህ ያለውን ገመድ እንደ ከባድ አደጋ ፈርጆታል። አሮጌ ልብስ ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል በእጅዎ ካለው ላይ ገመዱን ስበው ያውጡት። የላላ ቁልፍና የጌጥ ዶቃም ሕፃን ሊውጠው ስለሚችል ይመልከቱ። በደኅንነት ጉድለት ከገበያ እንዲሰበሰብ የታዘዘን ዕቃ መልሶ መሸጥ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ዝርዝሩን ኮሚሽኑ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያወጣል።

የሐበሻ ቀሚስ መሸጥ እችላለሁ?

አብዛኞቹ የአሜሪካ መደብሮች አይወስዱትም፤ ንቀት ሳይሆን ገዢውንና ዋጋውን ስለማያውቁት ነው። በትሪፍት ስቶር ቢሰጡት ደግሞ የሽማኔውና የጥበቡ ድካም በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ስለዚህ ለወገን፣ በማኅበረሰብ ቡድኖችና በምታውቋቸው በኩል ቢሸጥ ይሻላል፤ ከእንቁጣጣሽ፣ ከጥምቀት፣ ከፋሲካና ከሠርግ ወቅት በፊት ፈላጊ አይጠፋም። ጨርቁ በእጅ የተፈተለ ፈትል፣ መነን ወይም ሽፎን መሆኑን፣ የደረቱንና የቁመቱን ልክ፣ ነጠላው አብሮ መኖሩንም ይግለጹ፤ ጥበቡን በቅርብ ፎቶ ያንሱት። ከማስቀመጥዎ በፊት ይታጠብ፤ ላብና ቅባት ያልለቀቀው ነጭ ጥጥ በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናልና።

ልባሽ መልበስ ነውር አይደለም?

በአገር ቤት ልባሽ ወይም ሳልቫጅ ከችግር ጋር ተያይዞ ስለሚታይ ጥያቄው የሚነሣው ከልብ ነው። እዚህ ግን በመደብሩ ውስጥ ከእርስዎ ጎን ቆሞ ካፖርት የሚመርጠው ሰው ጠበቃም፣ ተማሪም፣ አዲስ የመጣ ስደተኛም ሊሆን ይችላል። የታናናሾች ልብስ ከታላላቆች የሚወረስበት ቤት ውስጥ ያደገ ሰው፣ ንጹሕና ደህና የተሰፋ ልብስ ለሁለተኛ ሰው መድረሱን ሊያፍርበት አይገባም ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ከሽያጩ ወይም ከስጦታው ግብር ይመለከተኛል?

የራስዎን ልብስ ከገዙበት ባነሰ ዋጋ ከሸጡት የሚከፈል የገቢ ግብር የለም፤ ኪሳራውንም መቀነስ አይቻልም። ለመሸጥ ብለው እየገዙ የሚያተርፉ ከሆነ ግን ንግድ ነውና ትርፉን ማሳወቅ አለብዎት። በስጦታ የሚሰጡ ከሆነ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚቀነሰው ተቀናናሽ ወጪዎቻቸውን አንድ በአንድ በዝርዝር ለሚያቀርቡ ብቻ ነው፤ በ2006 በወጣው ሕግ መሠረትም ልብሱ ቢያንስ በጥሩ ይዞታ ላይ መሆን አለበት። ከ250 ዶላር ጀምሮ የድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ፣ በዓይነት የሰጡት ጠቅላላ ከ500 ዶላር ሲያልፍ ከግብር ማስታወቂያው ጋር የሚቀርበው ቅጽ 8283 ያስፈልጋል። እንደ ቫልዩ ቪሌጅ ካለ ኩባንያ የገዙት ልብስ ስጦታ ስላልሆነ አይቀነስም።

በርካሽ የገዛሁትን ልብስ ወደ ኢትዮጵያ ልኬ ማስነገድ እችላለሁ?

ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት የተከለከለ ነው። በገበያ የሚታየው ቦንዳ በአብዛኛው በድንበር በኮንትሮባንድ የሚገባ ስለሆነ፣ ያንን አይቶ የተፈቀደ መስሎት ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ዕቃው ሊወረስበት ይችላል። ለእናትዎ ካፖርት፣ ለወንድም እህት ልጆች ጫማ በሻንጣዎ መያዝ የተለየ ጉዳይ ነው፤ እርሱም ቢሆን ለግል መገልገያ ከሚፈቀደው መጠን እንዳያልፍ ከጉዞዎ በፊት የኢትዮጵያ ጉምሩክ ኮሚሽንን መመሪያ ያንብቡ፣ ልብሱንም ታጥቦና በሰው በሰው ተለይቶ ታስሮ ይያዙት፤ አንድ ዓይነት ልብስ በብዛት ሲገኝ ለሽያጭ የመጣ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላልና።